ድንጋዩን ወሰዱ፣ ድምፁን ተዉት

ፍሪጃችን አናት ላይ ሦስት ካርዶች አሉ። ሦስቱም የምርጫ ጥሪ ናቸው፤ ሦስቱም የተላኩት ለአንድ ሰው ነው። ሴትዮዋን አይቻቸው አላውቅም። ከእኔ በፊት እዚህ ቤት ተከራይተው የኖሩ ናቸው። ጎረቤቴ እንደነገረችኝ መጀመሪያ ወደ አረጋውያን መጦሪያ ተወሰዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እኔ የቤቱን ቁልፍ ስረከብ ከሞቱ ዓመት አልፏቸው ነበር።

ካርዱ ግን መምጣቱን አላቆመም። በፈረንጆቹ 2015 መጣ። በ2017 መጣ። በ2019 በዚያ የዲሴምበር ብርድም መጣ። ለሚመለከተው ቢሮ ደውዬ «አርፈዋል እኮ» ብያለሁ። «እናስተካክላለን» ተብያለሁ። የሞተ ሰው ስም ቆሻሻ ውስጥ መጣል ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ። እየተቀበልኩ ፍሪጁ ላይ ሳስቀምጥ ከረምኩ።

በዚያ ሁሉ ዓመት እኔ አልመርጥም። ቤቱ ውስጥ የምኖረው እኔ፣ ግብር የምከፍለው እኔ፣ ለሚያፈስሰው ጣሪያ ባልዲ የምደቅነው እኔ። ፓስፖርቴ ግን የኢትዮጵያ ነበር። አብሮኝ የሚሠራው ኬንያዊ በመጣ በዓመቱ መርጦ መጣ። እንዴት ብዬ ብጠይቅ፣ አገሩ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስለነበረችና አሁንም የኮመንዌልዝ አባል ስለሆነች ነው። እኛ ደግሞ አልተገዛንም። «ላለመገዛታችን የከፈልኩት ቅጣት ይሄ ብቻ ነው» እያልኩ አስቅ ነበር።

እስቃለሁ እንጂ ነገሩ ይቆረቁረኛል። ሟቿ ድምፅ አላቸው፣ እኔ የለኝም። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይሏል ይሄ ነው። ድምፅ ለመሆኑ የማነው? የሰውየው ነው ወይስ የቤቱ? ይህን ጥያቄ እንዲህ አጥርቼ አስቤው አላውቅም ነበር። አጥርተው የጠየቁልኝ አባባ ናቸው፤ ያውም ሰው በሌለበት ኮረብታ ላይ።

## እግር ለማፍታታት

አባባ በሜይ 2024 መጨረሻ ከደብረ ብርሃን ሊጠይቁኝ መጡ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ 75 ዓመት አልፏቸዋል። የምኖረው ብሪስቶል ነው። እንግዳ መጥቶ ስቶንሄንጅን ሳላሳይ ብቀር ሰው ይታዘበኛል ብዬ አንድ ቅዳሜ በባቡር ወደ ሶልዝበሪ፣ ከዚያ በአስጎብኚ አውቶቡስ ወሰድኳቸው። ድንጋዮቹን ዞር ዞር ብለው አዩና ዝም አሉ። ላሊበላን የተሳለመ ሰው ዝምታ ነበር።

በመልሱ አውቶቡሱ አንድ ኮረብታ ሥር ቆመ። የአባባ ጉልበት ተይዟል። «እስቲ እንውረድ፣ እግሬን ላፍታታ» አሉኝ። ወረድን። ቦታው ኦልድ ሳረም ይባላል፤ አሮጌው ሳረም ማለት ነው። ከሶልዝበሪ ከተማ ወደ ሰሜን ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው።

ኮረብታውን ሁለት የአፈር ካብ ይከቡታል። በመካከሉ ጥልቅ ቦይ አለ። ውስጡ ሲገቡ የፈረሰ ግንብ፣ ሣር፣ እንደገና ሣር። ነፋሱ ለጉድ ነው። አባባ በአንድ እጃቸው ኮፍያቸውን፣ በሌላው እኔን ይዘው ወጡ። ወደ ደቡብ ስንዞር የሶልዝበሪ ካቴድራል ሾጣጣ ጉልላት ታየን። 123 ሜትር ነው፤ በብሪታኒያ ከእሱ የሚረዝም የቤተ ክርስቲያን ጉልላት የለም።

ስልኬን አውጥቼ እያነበብኩ መተርጎም ጀመርኩ። ካቴድራሉ መጀመሪያ የነበረው እዚህ እኛ የቆምንበት ነው። ተሠርቶ ያለቀው በ1092 ነው። ከግንቡ ወታደሮች ጋር ካህናቱ አልተስማሙም። ውኃ እንደ ልብ አይገኝም። ነፋሱ ከመጮሁ የተነሣ ካህናቱ ሲያዜሙ እርስ በርስ አይሰማሙም። ይህን አቤቱታ ለሮማው ጳጳስ ላኩ፤ ተፈቀደላቸው። በ1220 ታች ሜዳው ላይ የአዲሱ ካቴድራል የመሠረት ድንጋይ ተጣለ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሣሩ ላይ የአሮጌው ካቴድራል መሠረት እንደ ካርታ ተሰምሮ ይታያል። ምሥራቁን ፈለጉ፤ በመሠረቱ መስመር ጥግ ጥግ ሄደው መቅደሱ ይሆናል ብለው የገመቱት ቦታ ፊት ቆሙና አማተቡ። እኔም ባላስብበትም አማተብኩ።

«ታቦቱን ይዘው ነው የወረዱት?»

«እነሱ ታቦት የላቸውም አባባ። የጳጳሳቱን አፅም ግን ወስደዋል። በ1226።»

«አፅሙንም?»

«አዎ። ድንጋዩንም እያፈረሱ ታች ሠርተውበታል።»

«ሕዝቡስ?»

«ሕዝቡም ቀስ በቀስ ወረደ። አዲሱ ከተማ እዚያ ነው።»

«ታዲያ እዚህ ምን ቀረ?»

«ምርጫ ቀረ።»

የቀለድኩ መሰላቸው። አልቀለድኩም። ኦልድ ሳረም መጀመሪያ ወደ ፓርላማ ሁለት እንደራሴ የላከችው በ1295 ነው። ሰዉ ወርዶ ካለቀ በኋላም ሁለት ላከች። ግንቡ ፈርሶ ላሞች ሲግጡበትም ሁለት ላከች። እስከ 1832 ድረስ። ታች ያለው አዲሱ ከተማ የራሱን ሁለት ይልካል፤ ኮረብታውም የራሱን ሁለት ይልካል። በመጨረሻዎቹ ዓመታት 11 መራጮች ነበሯት። ከ11ዱ አንዳቸውም እዚያ አይኖሩም።

አባባ ኮፍያቸውን መልሰው አጠለቁ። ጉልላቱን አዩ፣ ሣሩን አዩ።

«ቆይ ቆይ። ድንጋዩን ወሰዱ። አፅሙን ወሰዱ። ድምፁን ለምን ተዉት?»

## «ጉልት ነዋ!»

መልስ አልነበረኝም። እንግሊዞቹ እንዲህ ያለውን ቦታ «የበሰበሰ ወረዳ» ይሉታል። በአማርኛ ስለው ምንም አልመጣልኝም። ሙስና? ሙስናማ ሕግ ሲጣስ ነው። ይሄ ሕግ ነበር። ማጭበርበር? ኮሮጆ የገለበጠ የለም፤ ብዙ ጊዜ ተፎካካሪ እንኳን አይቀርብም ነበር።

የገባኝን ያህል አስረዳኋቸው። ድምፁ የሰው አይደለም፣ የመሬት ነው። በድሮው ከተማ የነበሩት የቤት ቦታዎች እያንዳንዳቸው ድምፅ አላቸው። ቤቱ ቢፈርስም ቦታው ድምፁን አይለቅም። ቦታዎቹን የገዛ ሰው ድምፆቹንም ገዛ። ምርጫ ሲደርስ ባለቤቱ ቦታውን ለሚያምናቸው ሰዎች በወረቀት ያዞርላቸዋል። እነሱ መጥተው እሱ ያለውን ይመርጣሉ። ምርጫው የሚካሄደው እርሻ መሃል፣ አንድ ዛፍ ሥር ነው። ለዕለቱ የሚሆን መደብ ይተከላል፣ ስም ይጠራል፣ ያልቃል። የዛፉ ቦታ የምርጫው ማሳ ይባል ነበር። ዛፉ ራሱ ከምርጫው በላይ ዕድሜ አግኝቶ በ1905 ነው የደረቀው።

አባባ እስክጨርስ እንኳን አልጠበቁኝም።

«ጉልት ነዋ!»

«ርስት አይሻልም አባባ?»

«ምን ርስት ነው! ርስት ቢሆን ባለርስቱ ያርሰው ነበር። በሺህ ዓመቱ ርስት ለባለቤቱ የሚባለው ባለቤት ላለው ነው። ይሄ ጉልት ነው። እኛ መንዝ ባለርስት ነበርን። አያትህ ያርሳል፣ ለጉልተኛው ይሰፍራል። ሰውየውን እኔ ባይኔ አይቼው አላውቅም። አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ስሙን ግን ዶሮ ሳይጮህ ተነሥቼ እነግርሃለሁ፤ እህል በተሰፈረ ቁጥር ይጠራ ነበር።»

ይሄን ሲሉ የተነፈስኩት ትንፋሽ ትዝ ይለኛል። ዓመታት እንግሊዝ አገር ኖሬ፣ የዚህችን አገር ታሪክ በእንግሊዝኛ አንብቤ፣ አንድ ቃል ጎድሎኝ የነበረ ያህል ተሰማኝ። ጉልት። አራሹ ሌላ፣ ተቀባዩ ሌላ። በኮረብታው ላይ የሚሰፈረው እህል ሳይሆን ድምፅ ነው፤ ልዩነቱ ይሄ ብቻ ነው። እንዲያውም ከእኛ ጉልተኛ የእነሱ ይብሳል ልበል? የእኛው ቢያንስ የሚያርስለት ሰው ነበረው።

## የኮረብታው ጌቶች

ያን ሌሊት አባባ ተኝተው እኔ ሳነብ አነጋሁ።

ኮረብታውን በ1691 የገዛው ቶማስ ፒት ነው። በኋላ ሕንድ አገር የማድራስ ገዥ ሆነ፤ እዚያ በገዛው ትልቅ አልማዝ ስሙ ወጣ። አልማዙን ለፈረንሳዩ ሕፃን ንጉሥ ሞግዚት ሸጠው፤ ዛሬ የሉቭር ሙዚየም ንብረት ነው። የልጅ ልጁ ዊሊያም ፒት፣ በኋላ እንግሊዝን የመራው ታላቁ ፒት፣ ፓርላማ የገባው በ1735 በዚህ ኮረብታ ስም ነው። ወንድሙ ባለቤት ነበር፤ ወንበሩን ሰጠው። ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፣ በእንዲህ ያለ ወንበር የገባ ሰው ለማን እንደሚጮህ ግልጽ ነው።

ፒት ግን አስገረመኝ። በ1766 ስለ አሜሪካ ግብር ሲከራከሩ ተነሥቶ እነዚህን ባዶ ወረዳዎች የሕገ መንግሥቱ የበሰበሰ ክፍል አላቸው። መቶ ዓመት አይቆይም፤ ራሱ ካልወደቀ ተቆርጦ መጣል አለበት አለ። የሚያስበው ስለ የትኛው ኮረብታ እንደሆነ መገመት አያስቸግርም። የተናገረውም ልክ ነበር፤ 66 ዓመት ነው የቆየው። እሱ ግን በሕይወቱ አላየውም። በልቶ የጮኸበት ውሻ ተረቱን ሲያፈርስ ማየት ደስ ይላል፣ ቢዘገይም።

ከዚያ በ1801 የተነሣ አንድ ወሬ አለ። የጊዜው ባለቤት ሎርድ ካምልፎርድ ነው፤ የፒት ዘመድ፣ ቁጡና ጠብ ወዳድ። መንግሥትን ለማበሳጨት ብሎ ጆን ሆርን ቱክ የሚባል አመፀኛ ቄስ አስመረጠ። ፓርላማው ቄስ እንደራሴ እንዳይሆን ሕግ ለማውጣት ተነሣ። ካምልፎርድም ቄሱን ካባረራችሁ ጥቁሩን አሽከሬን ነው የምልክላችሁ ብሎ ዛተ ይባላል።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ሳቄ ከዳኝ። ሰውየው ጥቁሩን የጠራው ሊያከብረው አይደለም፤ ከቄሱ የባሰ ስድብ ስላጣ ነው። አሽከሩ ማን ይባል ነበር? ከየት መጣ? ወሬው ስሙን አልያዘም። በአንድ የሰከረ መኳንንት ቁጣ ለንደን ፓርላማ ሊቀመጥ ለጥቂት የቀረው ሰው፣ ታሪኩ ውስጥ ያለው እንደ ቀልድ ነው። በሥራ ቦታዬ እንደኔ ካለ ሰው ጋር የሚቀለደውን ቀልድ ስለማውቀው ይሆናል፣ ብዙ አሰብኩበት።

በ1802 ካምልፎርድ ኮረብታውን ሸጠው። ዋጋው 60,000 ፓውንድ ነው ተብሏል። መሬቱ በዓመት የሚያስገባው ቢበዛ 700 ፓውንድ ነበር። ትርፉ የሣር ዋጋ እንዳልሆነ ማንም ያውቃል። የገዛው የካሌዶን ባላባት ነው፤ የአባቱ ሀብት እንደ ፒት ሀብት ከሕንድ የመጣ።

እዚህ ጋ ነው ወንበሬን ወደ ስክሪኑ ያስጠጋሁት። ይሄው ካሌዶን በ1807 የት ሄደ? ወደ አፍሪካ። የኬፕ ቅኝ ግዛት ገዥ ሆኖ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እስከ 1811 ገዛ። ከሌሶቶ ድንበር ጋር የሚፈስሰው የካሌዶን ወንዝ በስሙ የተጠራ ነው። በኖቬምበር 1809 አንድ አዋጅ አወጣ። የአገሩ ተወላጆች ኮይኮዮች ቋሚ የመኖሪያ አድራሻ ይኑራቸው፣ ከቦታ ቦታ ሲሄዱም የይለፍ ወረቀት ይያዙ የሚል።

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንግሊዝ አገር ማንም የማይኖርበት ኮረብታ አለው። የማይኖሩበት ሰዎች ለዚያ ኮረብታ ይመርጡለታል። አድራሻችሁ የት ነው ያላቸው የለም። እሱ ደግሞ አፍሪካ ሄዶ፣ በገዛ አገሩ የሚኖረውን ሰው አድራሻህን አምጣ አለው።

እንግሊዝ አገር የኖረ ስደተኛ «የአድራሻ ማስረጃ» የሚባለውን ነገር ያውቀዋል። የባንክ ሒሳብ ለመክፈት የመብራት ሒሳብ ደረሰኝ አምጣ። የመብራቱን ስም ለማዞር የባንክ ወረቀት አምጣ። እኔ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሳምንት ሙሉ በሁለቱ መሃል ተመላልሻለሁ። ቤቴ እኖራለሁ፤ ቤቴ እንደምኖር ግን ማሳመን አልቻልኩም። በዚያው ጊዜ በሟቿ ስም የሚመጣው ፖስታ በር ሥር ይከመር ነበር። አንዱ ፖስታ የእኔ ቢሆን ብዬ የተመኘሁበት ቀን አለ።

## ሳንድዊች የበላሁበት አደባባይ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ አላስረዝመውም። ማንቸስተር ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ ይዛ አንድም የራሷ እንደራሴ አልነበራትም። በ1819 ድምፅ እንፈልጋለን ብሎ እዚያ የተሰበሰበውን ሕዝብ ፈረሰኛ ጨፈጨፈው። በማርች 1831 የምርጫ ሕጉ ማሻሻያ ረቂቅ በ302 ለ301፣ በአንድ ድምፅ አለፈ። በአንድ! ለሁለተኛ ጊዜ ሲቀርብ በኦክቶበር የመኳንንቱ ምክር ቤት ጣለው።

ያን ጊዜ የተቃጠለው ብሪስቶል ነው። የእኔው ከተማ። ማሻሻያውን አጥብቆ የሚቃወም ዳኛ ችሎት ሊያስችል ሲገባ ሕዝቡ ወጣ። ሦስት ቀን ሆነ። እስር ቤት ተሰበረ፣ የጳጳሱ ቤት ነደደ፣ የክዊን ስኩዌር አደባባይ ቤቶች ተቃጠሉ። በኋላ አራት ሰዎች ተሰቀሉ።

ክዊን ስኩዌርን በደንብ አውቀዋለሁ። መሥሪያ ቤታችን ለእሱ ቅርብ ነው። ፀሐይ ከወጣች ምሳዬን እዚያ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምበላው። ስንት ዓመት ሳንድዊች እየበላሁ፣ ለዚያች ባዶ ኮረብታና ለመሰሎቿ ሲባል የነደደ ቦታ ላይ መቀመጤን አላውቅም ነበር። ሰኞ ዕለት አግዳሚዬ ላይ ተቀምጬ ቤቶቹን አየኋቸው። ያማሩ ናቸው። የትኞቹ ከቃጠሎው የተረፉ፣ የትኞቹ እንደገና የተሠሩ እንደሆኑ እኔ አልለይም።

በጁን 7 ቀን 1832 ሕጉ ጸደቀ። 56 ወረዳዎች ሙሉ በሙሉ ተሰረዙ፤ ኦልድ ሳረም አንዷ ናት። ሌላዋ ደንዊች ነበረች፤ ከተማው አብዛኛው ባሕር ውስጥ ገብቶም ሁለት እንደራሴ ትልክ ነበር። የኦልድ ሳረም የመጨረሻ ሁለት እንደራሴዎች ሁለቱም አሌክሳንደር ይባላሉ። የካሌዶን ባላባት የቤተሰብ ስምም አሌክሳንደር ነው። መቼም ቤተሰቡ ተጨቃጭቆ አልመረጣቸውም።

አዲሱ ሕግም ቢሆን መራጩ «ወንድ» ይሁን ብሎ በግልጽ ጻፈ። ንብረት የሌለውም ገና ደጅ ነበር። ይሄን ለአባባ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኛም ጋ እንደዚያው ነበር። መራጭ እንኳን አይደለም፣ ተመራጭ። በጃንሆይ ጊዜ ለመወዳደር በወረዳው ቤት ወይም መሬት፣ ያለዚያ የተወሰነ ዋጋ ያለው ተንቀሳቃሽ ንብረት ያስፈልጋል። በ65 ጓደኞቼ ተወዳደር ብለው ወጥረው ያዙኝ። ያለኝ አንድ ብስክሌትና አልጋ ነው።»

«እና መረጡ?»

«መረጥኩ እንጂ! ከአንድ ወረዳ ሁለት ሁለት ነበር የሚመረጠው፤ እንደዚያ ኮረብታህ። እኔ የመረጥኳቸው ሁለቱም አለፉ። አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ያ ሁሉ መጣ። መስከረም 2 ምክር ቤቱም ተዘጋ፣ ወረዳውም ቀረ። ኮረብታህ 500 ዓመት ቆየች፤ እኔ የመረጥኩለት ምክር ቤት የአንድ ተማሪ የትምህርት ዘመን አልሞላም።»

ስለዚያ ምርጫ ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። እኔም ጠይቄያቸው አላውቅም። እኛ ቤት ምርጫ ማለት 97 ነው፤ ወሬው የሚጀምረውም የሚያልቀውም እዚያ ነው። ከዚያ በፊት አባቴ ወጣት ሆኖ፣ ብስክሌቱን ዛፍ አስደግፎ፣ ሰልፍ ይዞ ሁለት ስም መርጧል። የአባቴ የመጀመሪያ ድምፅ ያረፈበት ወረዳ የለም።

## የእኔዋ ወረዳ

ዜግነቴን ያገኘሁት በ2023 መጨረሻ ነው። በጁን 2024፣ ኮረብታው ላይ ከመውጣታችን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ፣ በስሜ የመጀመሪያው የምርጫ ካርድ በር ሥር ገባ። አንሥቼ አነበብኩት። ስሜ ትክክል ነው። አድራሻው ትክክል ነው። የምርጫ ወረዳው ግን ብሪስቶል ኢስት ይላል።

ፍሪጁ ላይ ያሉት የሟቿ ካርዶች ብሪስቶል ዌስት ነው የሚሉት። ተሳስተው ይሆናል ብዬ ፈተሽኩ። አልተሳሳቱም። ወረዳዎቹ እንደገና ተከልለዋል። በዚህ ክለላ የአንድ ወረዳ መራጭ ቁጥር ከ69,724 ማነስ፣ ከ77,062 መብለጥ አልነበረበትም፤ ከጥቂት ደሴቶች በቀር። በዚያ ስሌት እኔ የምኖርበት ኢስተን ሰፈር ወደ ምሥራቁ ተዛወረ። ብሪስቶል ዌስትም ከ1885 ጀምሮ የነበረች ወረዳ ተሰረዘች።

እኔ ዓመታት የኖርኩባት፣ አንድም ቀን ያልመረጥኩባት ወረዳ፣ መምረጥ በቻልኩበት ዓመት ሞተች። ሟቿ የመረጡባት ወረዳ እሳቸውን ተከተለች። ሴትዮዋ በ2024 ካርድ አልመጣላቸውም። በመጨረሻ አስተካክለውታል ማለት ነው፤ ወይ ከወረዳዋ ጋር አብረው ተሰርዘዋል።

ይሄ መከለስ ለአንዳንዱ ሰው አሰልቺ የቢሮ ሥራ ነው። ጋዜጣው ላይ ስለ ካርታው ሲጨቃጨቁ አይቼ አልፌዋለሁ። አሁን ግን ያቺን የቁጥር ክልል ሳይ ደስ አለኝ። ሰው ሲወርድ ድምፁም አብሮት ይውረድ ማለት ነች። በኦልድ ሳረም ያንን የሚያደርግ ጠፍቶ ነው 11 ሰው ከማንቸስተር የበለጠው። በስንት አንዴ አፅሙን የሚያነሣ ሰው ያስፈልጋል፤ ድንጋዩን ብቻ አይደለም።

ጁላይ 4 ቀን ከሥራ መልስ ሄድኩ። አባባ አብረን ካልሄድን አሉ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ። ጣቢያው የሰፈራችን ትንሽ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ ገመድ የታሰረበት ውሻ ተኝቷል። አባባን ውጭ አግዳሚ ላይ አስቀምጬ ገባሁ። መታወቂያ ጠየቁኝ። አዲሱን ፓስፖርት ሰጠሁ። ሴትዮዋ ስሜን በማስመሪያ እያስታከከች ፈለገችው፣ አገኘችው፣ መስመር ሰረዘችበት። በክር የታሰረች እርሳስ ነበረች። ምልክቱን አደረግኩ። ወረቀቱን ሳጥፍ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ ማንም አላየኝም።

ወጣሁ። አባባ ውሻውን እያዩ ነው።

«ጨረስክ?»

«ጨረስኩ።»

«ሰልፉስ?»

«የለም፣ ወዲያው ነው።»

ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

«እዚህ ከተቀመጥኩ ስቆጥር ነበር። አንተን ጨምሮ 14 ሰው ገባ። ከኮረብታው በሦስት ትበልጣላችሁ።»